ስፖርት መኪና፦ ማኑዋል ወይስ አውቶማቲክ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማኑዋልና አውቶማቲክ በምን ይለያያሉ?

ማኑዋል ላይ ሦስት ፔዳል አለ። ሾፌሩ በግራ እግሩ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ሞተሩ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ይለያል፤ ማርሹን በእጁ ያስገባል፤ ከዚያ ፍሪሲዮኑን እየለቀቀ ነዳጅ ይሰጣል። የትኛው ማርሽ መቼ እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ብቻ ነው፤ ሲሳሳትም መኪናው አይከለክለውም።

አውቶማቲክ ላይ ፔዳሉ ሁለት ነው፤ ማርሽ የሚቀይረው ኮምፒውተር ነው። ይሁን እንጂ «አውቶማቲክ» ተብለው የሚጠሩት ካምቢዮዎች ውስጣቸው በጣም ይለያያል። አንዱ መጨናነቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቢውል ምንም አይሆንም፤ ሌላው በግማሽ ሰዓት ይሞቃል። ስለዚህ ሻጩ «አውቶማቲክ ነው» ሲል ወዲያው «የትኛው ዓይነት?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ሰው በምርጫው የሚጸጸተው ይህን ሳይጠይቅ ስለሚገዛ ነው።

የአውቶማቲክ ዓይነቶች የትኞቹ ናቸው?

የመጀመሪያው ቶርክ ኮንቨርተር ያለው ነው። ሞተሩ በዘይት የተሞላ ክፍል ውስጥ ያለውን ፓምፕ ያዞራል፤ ዘይቱ ደግሞ ፊት ለፊቱ ያለውን ተርባይን ይገፋል። ሁለቱ በብረት ስላልተያያዙ ፍሬን ተረግጦ መኪናው ሲቆም ሞተሩ አይጠፋም። በድሮዎቹ ላይ ይህ ዘይት ኃይል እየበላ መኪናውን ያደነዝዘው ነበር። በአሁኖቹ ላይ ግን መኪናው ከተነሣ በኋላ ውስጡ ያለ መቆለፊያ ፍሪሲዮን ሁለቱን ክፍሎች አጣብቆ ስለሚይዝ መንሸራተቱ ይቀራል። ባለ 8 ማርሹ ዜድ.ኤፍ 8ኤች.ፒ በዚህ ወገን የምንመርጠው ነው፤ ቶዮታ ጂ.አር ሱፕራ፣ ቢ.ኤም.ደብሊው ኤም2 እና ኤም3 ኮምፔቲሽን እሱን ነው የሚይዙት። ኒሳን ዜድ ባለ 9፣ ፎርድ ሙስታንግ ባለ 10፣ ቶዮታ ጂ.አር86 እና ማዝዳ ኤም.ኤክስ-5 ደግሞ ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ አላቸው።

ሁለተኛው ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ነው። አንደኛው ፍሪሲዮን 1፣ 3፣ 5 እና 7ን ይይዛል፤ ሌላው 2፣ 4 እና 6ን። በሦስተኛ ማርሽ እየሄዱ ሳለ አራተኛው አስቀድሞ ገብቶ ይጠብቃል። ቅየራው አንዱ ፍሪሲዮን ሲለቅ ሌላው መያዙ ብቻ ስለሆነ ኃይሉ አይቋረጥም። ለገበያ በሚመረት መኪና ላይ በመጀመሪያ የታየው በ2003ቱ ቮልስዋገን ጎልፍ አር32 ነው። ፖርሽ ግን ሐሳቡን ገና በ1980ዎቹ በውድድር መኪኖቹ ላይ ሞክሮት ነበር፤ ፒ.ዲ.ኬ ብሎ በ911 ላይ ያወጣው በ2008 ነው። ከ2020 ጀምሮ የመጣው ኮርቬት ሲ8 ባለ 8 ማርሽ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ብቻ ነው ያለው፤ ማኑዋል ጨርሶ አይሸጥበትም።

ሦስተኛው ዛሬ ባገለገሉ መኪኖች ገበያ ብቻ የሚገኘው ባለ አንድ ፍሪሲዮን ነው፤ ማለትም የማኑዋል ካምቢዮ ሆኖ ፍሪሲዮኑንና ማርሹን በሃይድሮሊክ ፓምፕ የሚያንቀሳቅስ። ሥሩ ፎርሙላ 1 ነው፤ ናይጄል ማንሰል በ1989 ብራዚል ላይ ያሸነፈበት ፌራሪ 640 ከመሪው ጀርባ በሚሳብ ፓድል ማርሽ ይቀይር ነበር። በ1997 ወደ ፌራሪ ኤፍ355 ወረደ፤ ቢ.ኤም.ደብሊውም ኤስ.ኤም.ጂ ብሎ በኤም3 ላይ አወጣው። በዝግታ ሲነዳ እያንገጫገጨ ይቀይራል፤ ፓምፑ ሲበላሽ ደግሞ ዋጋው ከባድ ነው። ዋጋው ረክሶ ቢያገኙትም ለዕለት ተዕለት መንጃ አይግዙት።

የቱ ይፈጥናል?

ባሁኑ ጊዜ በአብዛኛው አውቶማቲኩ። 992 ተብሎ የሚታወቀው ፖርሽ 911 ጂቲ3 ከ0 እስከ 100 ኪ.ሜ. በሰዓት ለመድረስ በፒ.ዲ.ኬ 3.4 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በማኑዋል 3.9። ጂ.አር ሱፕራ ባለ 3.0 ሊትሩ ከ0 እስከ 60 ማይል በሰዓት በአውቶማቲክ 3.9፣ በማኑዋል 4.2 ሰከንድ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የሰው እጅና እግር ማርሽ እስኪቀይሩ ድረስ ጎማው ኃይል አያገኝም፤ ቱርቦ ባለው ሞተር ላይ ደግሞ ነዳጁ በተለቀቀ ቁጥር የቱርቦው ግፊት ይወርዳል።

ሆኖም ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ጂ.አር86 በቶዮታ መግለጫ መሠረት በማኑዋል 6.1፣ በአውቶማቲክ 6.6 ሰከንድ ነው። ሞተሩ ቱርቦ የለውም፤ ኃይሉ የሚገኘው ከፍ ባለ ዙር ላይ ነው፤ የአውቶማቲኩ ማርሾች ደግሞ እርስ በርስ ስለሚራራቁ ሞተሩን ከዚያ ዙር ያወርዱታል። ስለዚህ የአንዱን መኪና ቁጥር ለሌላው አያውሱ። እውነቱን ለመናገር፣ ፍጥነት ገደብ ባለው የሕዝብ መንገድ ላይ ይህ የግማሽ ሰከንድ ልዩነት ጥቅም ላይ የሚውልበት አጋጣሚ የለም፤ ከዚህ በታች ያሉት ጉዳዮች ሁሉ ከእሱ ይበልጥ ሊያሳስቡ ይገባል።

ማኑዋል ነድቼ አላውቅም። በስፖርት መኪና ልጀምር?

ይቻላል፤ ብልህነቱ ግን በሌላ ሰው ወይም በማሠልጠኛ መኪና መልመድ ነው። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ፍሪሲዮን የሚያቃጥለው ዳገት ላይና ወደ ኋላ ሲሄድ ነው፤ ስፖርት መኪና ላይ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ጠንካራና የሚይዝበት ቦታ ጠባብ ስለሆነ ስሕተቱን ያጎላዋል።

መነሻው ሰፊና ሜዳማ ቦታ ነው። ሞተሩን አስነሥተው አንደኛ ማርሽ ያስገቡ፤ ነዳጅ ሳይሰጡ ፍሪሲዮኑን በጣም በዝግታ ይልቀቁ። አፍንጫው በትንሹ ሲነሣና የሞተሩ ዙር ሲወርድ ፍሪሲዮኑ መያዝ ጀምሯል ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ያቁሙትና መልሰው ይርገጡ። እግርዎ ያን ቦታ ሳያስብ እስኪያገኘው ድረስ ይደጋግሙት። ቀጥሎ በደቂቃ ከ1,200 እስከ 1,500 ዙር ድረስ ነዳጅ እየሰጡ መነሣት፣ ከዚያ ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽ፣ በመጨረሻ ዳገት። ዳገት ላይ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፤ ፍሪሲዮኑ መያዙን የመኪናው ጀርባ ዝቅ ሲል ያውቁታል፤ ያኔ ነዳጅ እየጨመሩ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ። አዳዲሶቹ ዳገት ላይ ፍሬኑን ለአንድ ሁለት ሰከንድ ራሳቸው ይዘው ያቆያሉ።

ሦስት መጥፎ ልማዶችን ከመጀመሪያው ያስወግዱ፦ ግራ እግርን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ መንዳት፣ መብራት ላይ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን ረግጦ መጠበቅ፣ ዳገት ላይ መኪናውን በነዳጅና በግማሽ ፍሪሲዮን ይዞ ማቆየት። ሦስቱም ሸራውን (የፍሪሲዮኑን ዲስክ) ወይም ኩሽኔታውን ያለ ጊዜው ይጨርሳሉ።

መንጃ ፈቃዴ ማኑዋል ይፈቅድልኛል?

እንደ አገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ተራ መንጃ ፈቃድ ይህን ልዩነት አያደርግም። ብሪታንያ፣ እስራኤልና የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች ውስጥ ግን በአውቶማቲክ ተፈትኖ ያለፈ ሰው አውቶማቲክ ብቻ እንዲነዳ ይገደባል፤ ማኑዋል ቢነዳ ፈቃድ እንደሌለው ሊቆጠር፣ አደጋ ቢደርስም ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊል ይችላል። በጀርመን ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ቢ197 የሚባል መንገድ አለ፤ ፈተናውን በአውቶማቲክ ወስደው፣ ባለ 45 ደቂቃ ቢያንስ 10 ትምህርት በማኑዋል ተምረው፣ በማሠልጠኛው የ15 ደቂቃ መንዳት ካለፉ ሁለቱንም መንዳት ይችላሉ። መኪናውን ከማየትዎ በፊት የፈቃድዎን ጀርባ ያንብቡ።

በየቀኑ መጨናነቅ ውስጥ እነዳለሁ። ማኑዋል ያስቸግረኛል?

ዋሽንግተን ዙሪያ ባለው 495፣ ቴል አቪቭ ውስጥ በአያሎን ወይም ከሻርጃ ወደ ዱባይ ጠዋት ጠዋት የሚጓዝ ሰው በአንድ ጉዞ ፍሪሲዮን መቶ ጊዜ ሊረግጥ ይችላል። ጉልበት ወይም ዳሌ የሚያማቸው ማኑዋሉን ይተዉት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ መኪናውን መጥላት ይመጣልና። ጤነኛ እግር ላለው ግን ዋናው የፔዳሉ ክብደት ነው። ኤም.ኤክስ-5 እና ጂ.አር86 ቀላል ናቸው፤ ጉልበታም መኪኖች ላይ ፔዳሉ ይከብዳል። በሻጩ ግቢ አንድ ዙር መንዳት አይበቃም፤ በሚጨናነቅበት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ይንዱት።

ለመጨናነቅ ምርጡ ቶርክ ኮንቨርተር ያለው ነው። ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ በሰው እርምጃ ፍጥነት ሲጎተት ፍሪሲዮኑን እያንሸራተተ ነው የሚሄደው፤ ይሞቃል። ፍሪሲዮኖቹ በዘይት ውስጥ የሚሠሩ ከሆኑ ዘይቱ ሙቀቱን ይወስድላቸዋል፤ ደረቅ ከሆኑ ግን የሚያቀዘቅዛቸው አየር ብቻ ነው፤ በባሕረ ሰላጤው የ45 ዲግሪ ሙቀት ደግሞ አየሩም አይረዳም። ደረቅ ፍሪሲዮን ያለው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ለእንዲህ ያለ ከተማ አንመክርም። ዘይት ያለውም ቢሆን የሚነዳበት ዘዴ አለው፦ ከፊት ያለው መኪና በግማሽ ሜትር በተንቀሳቀሰ ቁጥር አይከተሉት፤ አንድ ሁለት የመኪና ርዝመት እስኪከፈት ፍሬን ረግጠው ይጠብቁና አንድ ጊዜ ይነሡ። ዳገት ላይ በነዳጅ አያቁሙት። ፍሬኑ በደንብ ሲረገጥ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ይለቃል፤ ለስለስ አድርገው ሲረግጡት ግን ሊንሸራተት ይችላል።

የማኑዋል ፍሪሲዮን ስንት ያገለግላል? ሲቀየርስ ምን ምን ይቀየራል?

በጥሩ እግር ከ100,000 ኪ.ሜ. በላይ የሄደ ብዙ ነው፤ በመጥፎ እግር በ20,000 ያለቀም አለ። ስለዚህ ያገለገለ መኪና ላይ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የነጂው ልማድ ነው የሚታየው።

ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ የሥራው ዋጋ የሚከብደው በዚህ ነው። ካምቢዮው አንዴ ከወረደ ሸራውን ብቻ መቀየር ከንቱ ቁጠባ ነው። ሸራው፣ ሸራውን የሚጫነው ሳህን፣ ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚገፋው ኩሽኔታና የዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ትንሹ ኩሽኔታ አብረው ይቀየሩ። ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው፣ ሸራው የሚጣበቅበት ከባድ ብረት) ተራ ከሆነ ይለሰልሳል። ድርብ ከሆነ፣ ማለትም በሁለት ክፍሎቹ መካከል ስፕሪንግ ካለው፣ ብዙውን ጊዜ አይለሰልስም፤ ልቅነቱ ተለክቶ ካለፈ ይቀየራል፤ ሒሳቡንም የሚያንረው እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ መካከለኛ ዋጋ ያለው ስፖርት መኪና ላይ ሙሉ ቅየራ ከነሠራተኛው ከ1,500 እስከ 3,000 ዶላር ቢጠየቅ አይደንግጡ፤ ፖርሽና ቢ.ኤም.ደብሊው ኤም ከዚያ ያልፋሉ።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይቱ የዕድሜ ልክ ነው ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። የ8ኤች.ፒ ሠሪው ዜድ.ኤፍ ራሱ እንደ አነዳዱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪ.ሜ. ባለው ጊዜ እንዲቀየር ይመክራል፤ መኪና ሻጮች ግን የዕድሜ ልክ ነው ይላሉ፤ የሰርቪሱን ወጪ ዝቅተኛ አድርጎ ለማሳየት ስለሚመች። ዘይቱ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ቀዝቃዛ ሳለ ማርሽ ሲቀይር የሚሰማ ግጭት ነው። በብዙዎቹ 8ኤች.ፒ ላይ ማጣሪያው ከታችኛው የፕላስቲክ ገበታ ጋር አንድ አካል ስለሆነ አብሮ ይቀየራል። ልኬቱ ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ መኪናው ሊፍት ላይ ደልደል ብሎ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ከጎን ባለው ቀዳዳ እስኪፈስ ይሞላል። የዘይቱን ሙቀት በኮምፒውተር ሳያነብ የሚሞላ ጋራዥ ልኩን ያሳስታል፤ ጎድሎ የተሞላ ካምቢዮ ደግሞ ራሱን ያቃጥላል።

ዘይት ያለው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ከዚህም ፈጠን ይላል። ለምሳሌ የቮልስዋገኑ ባለ 6 ማርሽ በየ60,000 ኪ.ሜ. ነው። የማኑዋሉ ሥራ ቀላል ነው፤ ሁለት ሦስት ሊትር ዘይት በየ50,000 እስከ 80,000 ኪ.ሜ.። እዚያም ግን ወጥመድ አለ፦ መመሪያው ጂ.ኤል-4 የሚባለውን የዘይት ደረጃ ሲል ጂ.ኤል-5 አይሙሉ። በጂ.ኤል-5 ውስጥ ያለው ተጨማሪ ቅመም የነሐስ ሲንክሮናይዘሮችን (ማርሽ ሲገባ ፍጥነት የሚያመጣጥኑትን ቀለበቶች) ሊበላ፣ ከመጠን በላይ ስለሚያንሸራትትም የማርሾቹን ፍጥነት እንዳያስተካክሉ ሊያደርግ ይችላል። ፍሪሲዮኑ በሃይድሮሊክ የሚሠራ ከሆነ ፈሳሹ የፍሬን ዘይት ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

ነዳጅ የሚቆጥበው የቱ ነው?

ድሮ ማኑዋሉ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው አውቶማቲኩ ነው። ረጅም መንገድ ላይ የመጨረሻው ማርሹ ረጅም ስለሆነ የሞተሩ ዙር ይወርዳል። ጂ.አር86 በአሜሪካ መለኪያ በከተማና በሀገር አቋራጭ አማካይ በማኑዋል በጋሎን 22 ማይል ገደማ፣ በአውቶማቲክ 24 ወይም 25 ይሄዳል። ኤም.ኤክስ-5 ላይ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም።

ያገለገለ ማኑዋል ሳይ ምን ልፈትሽ?

መኪናው ቀዝቃዛ ሆኖ ይጠብቅዎ። ሻጩ አሙቆ ካቆየው ያለ ምክንያት ላይሆን ይችላል፤ ያለቀ ሲንክሮናይዘር የሚጋለጠው ዘይቱ ሳይሞቅ ነውና። መጀመሪያ በዜሮ ማርሽ ቆመው ያዳምጡ። ፍሪሲዮኑ ሳይረገጥ የሚሰማና ሲረገጥ የሚጠፋ ጉርምርምታ የካምቢዮው ግቤት ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ሲረገጥ የሚጀምር ፉጨት ደግሞ የሚገፋው ኩሽኔታ ነው። ፔዳሉ ወለል ላይ ከቀረ ወይም በተደጋጋሚ ሲረገጥ እየጠነከረ ከሄደ ሃይድሮሊኩ ውስጥ አየር ወይም መፍሰስ አለ፤ ፔዳሉ ሥር ያለውን ምንጣፍ በእጅ ይዳስሱት።

እየነዱ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ፈጠን አድርገው ይቀይሩ። የሚፋጭ ድምፅ ከተሰማ የሁለተኛው ሲንክሮናይዘር ሄዷል፤ በብዙ መኪና ላይ ቀድሞ የሚያልቀውም እሱ ነው። ቀጥሎ ሸራውን፦ በአራተኛ ማርሽ በ2,000 ዙር ላይ ሆነው ነዳጁን እስከ መጨረሻ ይርገጡ። ዙሩ ወደ ላይ ሄዶ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ይህን ሁለት ጊዜ ማድረግ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሰው ፍሪሲዮን ማቃጠል ነው። በመጨረሻም፣ ማርሽ ገብቶ እየሄዱ ነዳጅ ሲሰጡና ሲለቁ እጀታው ከማርሽ ዘሎ እንዳይወጣ ያስተውሉ።

ያገለገለ አውቶማቲክስ?

ቶርክ ኮንቨርተር ያለውን ከፒ ወደ አር፣ ከአር ወደ ዲ ያስገቡ። አንድ ሰከንድ አካባቢ ዘግይቶ ከገጨ ጥሩ ምልክት አይደለም። ከዚያ ከ60 እስከ 80 ኪ.ሜ. በሰዓት በቀስታ ይንዱ፤ የጎርባጣ መንገድ የሚመስል አጭር መንቀጥቀጥ ከመጣና ነዳጅ ሲጨምሩ ከጠፋ ችግሩ መቆለፊያ ፍሪሲዮኑ ላይ ነው። አንዳንዴ አዲስ ዘይት ያድነዋል፤ አንዳንዴ ኮንቨርተሩ ይቀየራል።

ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑን ደግሞ ሞቅ ካለ በኋላ ትንሽ ዳገት ላይ ነዳጅ ሳይሰጡ እንዲጎተት ያድርጉ፤ ከተንተባተበ ፍሪሲዮኑ ተጎድቷል። ያለፈውን የዘይት ቅየራ ደረሰኝ ይጠይቁ። ኮርቬት ሲ8 ከሆነ በ7,500 ማይል ሊደረግ የሚገባው የመጀመሪያው የካምቢዮ ማጣሪያ ቅየራ መደረጉን ያረጋግጡ።

ፓድል ያለው አውቶማቲክ ከማኑዋል ጋር አንድ አይደለም?

አይደለም፤ ፓድሉ ጥያቄ ያቀርባል እንጂ ማርሽ አይቀይርም። ከፍተኛ ዙር ላይ ሆነው «ቀንስ» ቢሉት ኮምፒውተሩ ይከለክላል። አንዳንዶቹ ዙሩ ጣሪያ ሲደርስ ራሳቸው ወደ ላይ ይቀይራሉ፤ አንዳንዶቹ በእጅ ሞድ ላይ ይተዉታል። ይህን በሙከራ መንዳት ላይ ያጣሩ፤ ኩርባ መሐል ላይ ሳይታዘዝ ማርሽ የሚቀይር መኪና የኋላ ጎማውን ሊያስለቅቅ ይችላልና።

ለእሽቅድምድም ትራክ የቱ ይሻላል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ትራክ የሚገባ ሰው አውቶማቲክ ቢይዝ መልካም ነው፤ ሐሳቡ ሁሉ ፍሬን የሚረገጥበት ቦታና የኩርባው መስመር ላይ ይሆናል። ማኑዋል ላይ ፍሬን እየረገጡ፣ በዚያው ቀኝ እግር ነዳጁን ነካ አድርጎ ዙር ማመጣጠን ያስፈልጋል፤ ካልተመጣጠነ የኋላ ጎማው በድንገት ይቆለፋል። አዳዲስ ማኑዋሎች ይህን ራሳቸው ይሠሩታል፤ በብዙዎቹ ላይ ማጥፋትም ይቻላል።

ትልቁ አደጋ ግን የተሳሳተ ማርሽ ነው። በጂ.አር86 በሦስተኛ ማርሽ 7,000 ዙር ላይ ሆነው አራተኛን ፈልገው ሁለተኛን ቢያስገቡ፣ ፍሪሲዮኑ እንደተለቀቀ ጎማው ሞተሩን ወደ 9,900 ዙር ይጎትተዋል። ዙር ገዳቢው እዚህ ላይ አያድንም፤ እሱ ነዳጅ መቁረጥ እንጂ ጎማን ማቆም አይችልም። ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ሊጋጩ፣ ሞተሩም እዚያው ሊያበቃ ይችላል። ይህ የሚመጣው እጀታውን አንቆ በመጎተት ነው። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ በመዳፍ ብቻ ቀጥታ ወደ ኋላ ይሳቡት፤ ወደ ራስዎም ወደ ውጭም አይግፉት፤ ስፕሪንጉ ራሱ መሐሉን ይጠብቃል።

በዚህ ምክንያት ያገለገለ ማኑዋል ፖርሽ የሚገዛ ሰው የሞተሩን ኮምፒውተር ሳያስነብብ መፈረም የለበትም። 997 ከሚባለው ትውልድ ጀምሮ ያሉት 911ዎች ከጣሪያ በላይ የተዞሩ ዙሮችን በስድስት ደረጃ ከፍለው፣ ስንት ጊዜ እንደሆነና በሞተሩ ስንተኛ ሰዓት ላይ እንደሆነ ይመዘግባሉ። ከአራት እስከ ስድስት ባሉት ደረጃዎች ላይ ቁጥር ካለ፣ በተለይም የቅርብ ጊዜ ከሆነ፣ ወይ ዋጋው ይወርዳል ወይ መኪናው ይተዋል።

አንድ ሞዴል ከሆነ ከካምቢዮው በቀር ሌላው እኩል ነው?

ብዙ ገዢ እንዲህ ያስባል፤ ስሕተት ነው። ጂ80 የሚባለው የቢ.ኤም.ደብሊው ኤም3 ትውልድ ሲወጣ ማኑዋሉ 473 ፈረስ ጉልበት ሲኖረው በአውቶማቲክ ብቻ የሚመጣው ኮምፔቲሽን 503 ነበረው። ጂ.አር ሱፕራ በ2023 ሞዴል ማኑዋል ሲጨመርለት የዲፈረንሻሉ የጥርስ ምጣኔ ከ3.15 ወደ 3.46 ከፍ ብሏል፤ ማለትም ማርሾቹ አጥረዋል። ኤም.ኤክስ-5 አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የኋላ ሁለቱን ጎማዎች የሚያስተባብረውን ሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻል የሚያገኘው ማኑዋሉ ብቻ ነበር፤ በእርጥብ ኩርባ ላይ ይህ ከካምቢዮው ምርጫ በላይ ይሰማል። የሁለቱንም የዕቃ ዝርዝር ጎን ለጎን ሳያነቡ አይወስኑ።

ስሸጠው የበለጠ ዋጋ የሚያወጣልኝ የቱ ነው?

አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡ 100 አዲስ መኪኖች ማኑዋል የሆኑት ሁለት አይሞሉም፤ ስፖርት መኪና ላይ ግን ፈላጊው ብርቱ ነው። ፖርሽ በ2013 ጂቲ3ን በፒ.ዲ.ኬ ብቻ ቢያወጣ ደንበኛው አኩርፎ በ2017 ማኑዋሉን መልሷል። ከዚያ ወዲህ ማኑዋል ጂቲ3 በአሜሪካ ገበያ በደንብ ይፈለጋል። ወደ ተራው ገበያ ሲወርዱ ማኑዋሉን የሚችለው ሰው ጥቂት ስለሆነ ገዢ ለማግኘት ጊዜ ይወስዳል። ትርፍን ብሎ የማይወዱትን ካምቢዮ መግዛት አያዋጣም።

አውቶማቲኩን ገዝቼ ወደ ማኑዋል ላስቀይረው?

ይሠራል፤ ግን ካምቢዮው ብቻ አይደለም። ሦስተኛው ፔዳልና ሃይድሮሊኩ፣ ቮላኖው፣ ካምቢዮውን የሚሸከመው ብረት፣ ብዙ ጊዜ ኃይል ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግ፣ ከዚያም የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ይቀየራሉ። በአዳዲስ መኪኖች ላይ የሚያስቸግረው የመጨረሻው ነው፤ ኮምፒውተሩ አውቶማቲኩን ሲያጣ የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል፤ ኃይልም ይቀንሳል። ወጪው በሁለቱ መኪኖች መካከል ካለው የዋጋ ልዩነት ይበልጣል። ሸጦ ማኑዋሉን መግዛት ይቀላል።

አዲስ አበባ ላይስ? ኤሌክትሪክ ስፖርት መኪናስ?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ እዚያ ቱርቦ የሌለው ሞተር በቀጭኑ አየር ምክንያት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። 228 ፈረስ ጉልበት ያለው ጂ.አር86 ወደ 180 ይወርዳል ማለት ነው። ማኑዋል ከሆነ ዳገት ላይ ለመነሣት ዙር መጨመር ግድ ስለሚሆን ሸራው ከሌላ ቦታ ይልቅ ቶሎ ያልቃል፤ ቱርቦ ያለው ግን ጉልበቱን በአብዛኛው ይይዛል።

ከጥር 2024 ወዲህ ግን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለወሰነ ጥያቄው ተለውጧል። ኤሌክትሪክ ሞተር ከዜሮ ዙር ጀምሮ ሙሉ ቶርክ (የማዞር ኃይል) ስለሚሰጥና ከፍታውም ስለማይነካው አብዛኛዎቹ አንድ ማርሽ ብቻ አላቸው። ፖርሽ ታይካን በኋላ አክሱሉ ሁለት ማርሽ በመያዝ የተለየ ነው። ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን ደግሞ ኮምፒውተሩ የባለ 8 ማርሽ ባለ ሁለት ፍሪሲዮንን ባሕርይ እንዲያስመስል ተደርጓል፤ ፓድሉ ሲሳብ ኃይሉ ለቅጽበት ይቋረጣል፤ የሞተር ድምፅም ከድምፅ ማጉያ ይወጣል። ባህሉን የሚወዱ ሰዎች ይደሰቱበታል፤ ሲጠፋ ግን መኪናው የበለጠ ይፈጥናል።